ከፀሐይ ፓምፑ ጋር ልኬትም ይምጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዳማ ዙሪያና ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በጉድጓድ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሚያለሙ ገበሬዎች መካከል የናፍጣ ሞተራቸውን በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ፓምፕ የሚተኩ አሉ። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ በመምጣቱ ምርጫቸው አያስወቅስም፤ እኔም ፓምፑን አልቃወምም። ይሁንና ናፍጣ ሲወደድ ገበሬው ሞተሩን የሚያጠፋው ሰብሉ ሲጠግብ ብቻ ሳይሆን ኪሱ ሲሳሳም ነበር። ፓነሉ ከተተከለ በኋላ ግን አንድ ሰዓት ጨምሮ መሳብ ምንም ስለማያስወጣ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ የሚያስቆመው ነገር የለም።

በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት 10 ሜትር ኪዩብ ነው። ሽንኩርት እስኪደርስ ከ350 እስከ 550 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚፈልግ ለሄክታር በትንሹ 3,500 ሜትር ኪዩብ ይጠይቃል፤ በቦይ ሲጠጣ የሚባክነው ሲታከልበት ደግሞ ከጉድጓዱ የሚወጣው ከዚህም ይበልጣል። የጠብታ መስኖ መፍትሔ ነው መባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ ከቦይ ከሚሰርገው ውኃ ከፊሉ ወደ ከርሰ ምድር ይመለሳልና፣ ገበሬው በጠብታ ያተረፈውን ውኃ ተጨማሪ ማሳ ካጠጣበት የጉድጓዱ ሒሳብ ከበፊቱ ሊብስ ይችላል።

የሐሮማያ ሐይቅ ለከተማ መጠጥና ለጫትና አትክልት መስኖ ሲሳብ ኖሮ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ቢያንስ መጉደሉ በዓይን ይታይ ነበር። የጉድጓድ ውኃ መሸሹ የሚታወቀው ግን ገመዱ ሲያጥር ነው። በስምጥ ሸለቆ ጠልቆ መቆፈርም ሁልጊዜ ማምለጫ አይሆንም፤ በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የጥርስ መበለዝና የአጥንት ሕመም ያስከተለው በጉድጓድ ውኃ ውስጥ የሟሟ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ለመስኖ የተቆፈረ ጉድጓድ ለመጠጥ መቀዳቱ ደግሞ አይቀርም።

የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ ለመጠቀም ፈቃድ እንዲወጣ ቢያዝም በእጅ የሚቆፈርን ጉድጓድ ከዚህ ግዴታ ነጻ ያደርጋል። በባልዲ ለሚቀዳ ጉድጓድ ይህ ተገቢ ነበር፤ በዚያው ጉድጓድ አፍ ላይ ፓነልና ፓምፕ ሲተከል ግን ነጻነቱ ሰፊ ቀዳዳ ይሆናል።

ስለዚህ ፓምፕ በብድርም ሆነ በድጋፍ የሚያቀርብ ሁሉ የሚሳበውን ውኃ የሚለካ ቆጣሪ አብሮ እንዲያስገጥም ይገደድ። የመስኖ ባለሙያዎችም በየቀበሌው ጥቂት ጉድጓዶች መርጠው፣ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት እና ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም የውኃውን ጥልቀት ለክተው ለተጠቃሚዎቹ በይፋ ያሳውቁ፤ ለዚህ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትና ሜትሩ የተመለከተበት ገመድ ይበቃል። የግንቦት ልኬት ከዓመት ዓመት እየወረደ ከሄደ፣ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የሚቋቋሙት የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት፣ ቦይ ለሚጋሩት ብቻ ሳይሆን አንድ የከርሰ ምድር ውኃ ለሚጋሩትም ተደራጅተው፣ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የነባሮቹን የመሳቢያ ሰዓት እንዲወስኑ ሥልጣኑ በግልጽ ይሰጣቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዳማ ነዋሪ