ላላየሽው አትፈርሚ

ልጄ፣

እሑድ ስትደውዪ ድምፅሽ ዝሎ ነበር። እናትሽ «ጉንፋን ይሆናል» ብላ ልታረጋጋኝ ሞከረች። ማክሰኞ ማታ ግን ያ አብሮኝ ጋራዥ ያረጀው ጺማሙ ጓደኛዬ ደወለ። ልጁ ከአንቺ ጋር በአንድ ፈረቃ እንደሚገባ ታውቂያለሽ። ሊያሳጣሽ አይደለም የደወለው፤ ጨንቆት ነው። ከሐዲዱ ዳር ያሉትን፣ የባቡር ምልክት መብራቶች ሽቦ ያለባቸውን ሦስት ሣጥኖች በአንድ ሌሊት ፈትሹ ተብላችሁ፣ ሁለቱን አይታችሁ እንደ ነጋባችሁ፣ በሦስተኛው ቅጽ ላይም ፊርማሽ እንዳለ ነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ላላየሽው ነገር አትፈርሚ።

ልቆጣሽ ብቻ አይደለም የምጽፈው። «ጀማሪ ቴክኒሺያን» የሚለውን መታወቂያሽን ፎቶ አንሥተሽ የላክሽልኝ ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይቻለሁ። ጀማሪ መሆን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መሣሪያ ትሸከሚያለሽ፣ ትለኪያለሽ፣ ትጽፊያለሽ፤ ማንም ስምሽን አይጠራም። ነገር ግን መሐንዲሱ ሐዲዱን የሚያየው አንቺ በጻፍሽው ቁጥር ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው ብለሽ ከጻፍሽ፣ ለእርሱ 1435 ነው። ተነሥቶ ሄዶ አይለካውም። ባቡሩም በአንቺ ቃል ላይ ይሄዳል።

እንግሊዝ አገር ስለደረሰው ነገር በሥልጠና ላይ ሳይነግሩሽ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1988 በለንደን ክላፋም ጃንክሽን አጠገብ ባቡሮች ተጋጭተው 35 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ አንድ አሮጌ ሽቦ ነበር። አዲሱ ሲገጠም አሮጌው ተቆርጦ አልተወገደም፤ ጫፉም አልተሸፈነም፤ ገለል ተደርጎ ብቻ ተተወ። በኋላ ወደ ቦታው ተመልሶ ሲነካ፣ ቀይ ማብራት የነበረበት ምልክት ቀይ አላበራም። ሽቦውን የተወው ቴክኒሺያን በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላው ነው፤ ሽቦዎቹን ሌላ ሰው መጥቶ አንድ በአንድ አልቆጠራቸውም። ሥራው አልቋል ተባለ፤ አለቀ።

ስለዚህ ስትደክሚ «ደክሞኛል» በዪ። ቀለበትሽንና ሰዓትሽን አውልቀሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። የሚለቀቅ ሽቦ ካለ ጫፉን ቆርጠሽ በናስትሮ ጠቅልዪ። ኤሌክትሪክ መጥፋቱን በቴስተር ስታረጋግጪ፣ መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቂው ቦታ ላይ ቴስተሩን ሞክሪው፤ ከዚያ ሥራሽን ለኪ፤ ከዚያ ቴስተሩን ደግመሽ ሞክሪው። የተበላሸ ቴስተር ኤሌክትሪክ እያለም «ኤሌክትሪክ የለም» ሊልሽ ይችላል። እስክሪብቶ ዝናብ ላይ ይፈሳል፤ እርሳስ ያዢ። ለባትሪሽም መለዋወጫ አይለይሽ።

አሁን ወደምፈራው ልምጣ። ሕፃን ሳለሽ አውቶቡስ ስንሳፈር ለምን ሁልጊዜ ከሾፌሩ ኋላ እንደምንቀመጥ ትጠይቂኝ ነበር። የፍሬኑን አየር ድምፅ ለመስማት ነበር። ለምን እንደሆነ እናትሽም እስከ ትናንት ማታ አታውቅም ነበር።

የ23 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ልክ እንደ አንቺ ጀማሪ። በየሌሊቱ የአውቶቡሶችን ፍሬን እለካ ነበር። ጎማው ይታገዳል፣ ሥር ትገቢያለሽ፣ ከፍሬኑ የአየር ሣጥን የሚወጣውን ዘንግ በጠመኔ ምልክት ታደርጊበታለሽ፤ ሌላ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ዘንጉ ስንት እንደሄደ ትለኪያለሽ። በዚያ ዓይነት ሣጥን ከ51 ሚሊ ሜትር ማለፍ አልነበረበትም። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። የዚያን ሌሊት ረዳቴ ቀድሞ ሄደ፤ አንድ አውቶቡስ ቀረኝ። የትናንቱን ቅጽ አየሁ፤ 44 ይላል። 44 ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ጠዋት አውቶቡሱ ሞልቶ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ጋለ። ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ተጭኖ ከሚያቆመው ሸራ ይርቃል፤ ሸራውን የሚያስገፋው ዘንግ ተጨማሪ መሄድ አለበት። ያ ዘንግ ግን ሊሄድ የሚችለውን ሁሉ ሄዶ ጨርሶ ነበር። ሾፌሩ መኪናውን ሆን ብሎ ከመንገዱ ዳር ካለው ግንብ ጋር እያፋተገ አቆመው። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ተረፉ። የእርሱ ግራ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ጎማውና ፍሬኑ ግንቡ ላይ ስለ ተጨፈለቁ የሚለካ ነገር አልቀረም። የቀረው የእኔ ቅጽ ነበር። ኮሚቴው ጠራኝ። «ፊርማው ያንተ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም፤ እኔም ሌላ ምንም አልተናገርኩም። ፍሬኑ ደኅና ከነበረ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ተባለ፤ ፍሬን አብዝቶ በመርገጥ አግሎታል ብለው ከመሪው አስወረዱት። ሰው ያዳነ ሰው ነው ያስወረዱት። እኔ በዓመቱ ዕድገት አገኘሁ።

ከስንት ዓመት በኋላ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነበር። ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝና «ተኝቷል፣ ልቀስቅሰው?» አለችኝ። «አይ፣ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» አልኩ። አልተመለስኩም። እናትሽ ትናንት ይህን ስትሰማ ብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «በሕይወት አለ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አለ። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ እርሷም አብሬህ እሄዳለሁ ብላለች።

አለቃሽ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ሊልሽ ይችላል። ለእኔም ብለውኛል። ሥራ ሊያስጥልሽም ይችል ይሆናል፤ ቤትሽ እዚህ አለ፣ ክፍልሽም እንዳለ ነው። ላላየሽው አትፈርሚ፣ የእኔ ልጅ። የፈረምሽውንም ነገ ጠዋት ሄደሽ «አላየሁትም ነበር» ብለሽ ራስሽ ንገሪያቸው፤ ሌላ ሰው እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ። ጠያቂ ላይኖር ይችላል።

ከዚያ ብቻሽን ሳትሆኚ፣ ፈቃድ ተይዞ፣ ሦስተኛውን ሣጥን ክፈቺው። እያንዳንዱን ሽቦ በእጅሽ እየጠቆምሽ ቁጠሪ። ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።

አባትሽ