ስለ ፖርት ሂውሮን ጉዟችንና ስለ አንዲት ቃል

መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ቅዳሜ ሚያዝያ 17 ቀን (ኤፕሪል 25) ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችንን ይዘን በሂውሮን ሐይቅ ዳር ወዳለችው የሚሺገን ከተማ፣ ፖርት ሂውሮን፣ እንሄዳለን። ወሬው ከደረሳችሁ ወዲህ ሦስት ወላጆች ደውላችሁ፣ «የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት አሜሪካዊ አብራሪ መታሰቢያ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?» ብላችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በስልክ አጥጋቢ መልስ ስላልሰጠሁ በጽሑፍ ልመልስ።

ሰውየው ምክትል መቶ አለቃ ፍራንክ ሙዲ ይባላል። የሎስ አንጀለስ ልጅ ነው፤ ሲሞት 22 ዓመቱ ነበር። አላባማ ውስጥ፣ ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች ይሠለጥኑበት በነበረው በተስኪጊ፣ በረራ ተምሮ ከወጣ በኋላ እኛው ሰፈር አጠገብ ወዳለው የሰልፍሪጅ የጦር አውሮፕላን ጣቢያ ተመደበ። በዚያ ጊዜ ቀድመውት የተመረቁት ጥቁር አብራሪዎች ጣሊያን ምድር ላይ ሆነው ጀርመኖችን ይዋጉ ነበር። ከእነሱ ሰው ሲጎድል ቦታውን የሚሞሉት እንደ ሙዲ ያሉት ናቸው፤ ለዚያም በሂውሮን ሐይቅ ላይ የተኩስ ልምምድ ያደርጉ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1944፣ በእኛ ሚያዝያ 3 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ ሙዲ ለልምምድ እንደወጣ አውሮፕላኑ ሐይቁ ውስጥ ገባ። አስከሬኑ የተገኘው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው።

የሚያበራት ፒ-39 የምትባል ተዋጊ አውሮፕላን ነበረች። ሞተሯ ከአብራሪው ጀርባ ነው፤ ፕሮፔለሩን የሚያሽከረክረው ረጅም ዘንግ ከመቀመጫው ሥር ያልፋል። አፍንጫዋ ላይ የተተከሉት መትረየሶች የሚተኩሱት በሚሽከረከረው ፕሮፔለር መካከል አሾልከው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥይት ፕሮፔለሩ ዞር ባለበት ቅጽበት እንዲወጣ የሚያደርግ መሣሪያ አላት። ያ መሣሪያ ከተዛነፈ አውሮፕላኗ ራሷን ትመታለች። ስብርባሪውን የመረመሩት ባለሙያዎች የደረሱበት ይኸው ነው፤ ፕሮፔለሩ በራሷ ጥይት ተመትቷል።

ስብርባሪውን ያገኙት አንድ ጠላቂና ልጁ ናቸው፤ ቀኑም ኤፕሪል 11 ቀን 2014 ነበር። ልክ በ70ኛ ዓመቱ፣ በዕለቱ። አባትና ልጅ መሆናቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ከዚያ ወዲህ የውኃ ውስጥ ቅርስ ባለሙያዎች ሲመላለሱበት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2021 ፖርት ሂውሮን ላይ መታሰቢያ ቆመ፤ ሞተሯም በ2023 ከሐይቁ ወጣች። መታሰቢያው ለሙዲ ብቻ ሳይሆን በሚሺገን ሰማይ ላይ በስልጠና ለሞቱት የተስኪጊ አብራሪዎች ሁሉ ነው። እነዚህ ወጣቶች የሞቱት ጠላት ፊት ሳይሆን በልምምድ ላይ ነው። በዚያው በሰልፍሪጅ ግን፣ መኮንን ሆነው ሳለ፣ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ወደ መኮንኖች ክበብ እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር።

አሁን ወደ ቃሏ ልምጣ። ባለፈው ወር የ6ኛ ክፍል ልጆች ስለ ሙዲ በአማርኛ አንድ ገጽ እንዲጽፉ አድርገን ነበር። አንዲት ተማሪ «ፍራንክ ሙዲ በሂውሮን ሐይቅ ላይ ተሰዋ» ብላ ጻፈች። በቀይ ሰርዤ «ሞተ» ያልኩት እኔው ነኝ። «ተሰዋ» የሚባለው ጠላት ፊት ለወደቀ ነው፤ ይህ አደጋ ነው ብዬ አስረዳኋት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቷን ይዛ መጣችና፣ «ቲቸር፣ ጦርነት ባይኖር እዚያ ላይ ምን ያደርግ ነበር?» አለችኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ አገር በወታደር ለቅሶ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ግንባር የወደቀው ይፎከርለታል። በስልጠና የሞተው ግን «ሜዳ እንኳ ሳይደርስ ተቀጨ» ይባልለታል፤ እናቱም አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች፣ ልጇ አንድ ነገር ያጎደለ ይመስል። ከእናንተም መካከል ወንድሙን ወይም አጎቱን እንዲህ ያጣ እንዳለ አውቃለሁ። አሁን የማምነው ልጅቷ ትክክል መሆኗን ነው። ሙዲ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሊሰጥ የሚችለውን ሁሉ ሰጥቷል፤ የሞተበት ቦታ ያልመረጠው ነገር ነው። ቃሏን መልሼላታለሁ።

«ከእኛስ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ላላችሁኝ ደግሞ፣ ያገናኘዋል። የተስኪጊ ኮሌጅ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት አስቀድሞ ከወተወቱት አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው። የተስኪጊ ምሩቅ ነበር፤ ቺካጎ ውስጥ ጥቁር የማይቀበል የበረራ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ገብቶ ትምህርቱን በጆሮው እየለቀመ አብራሪ የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ኢትዮጵያ ሄደ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር። በኮሎኔልነት አየር ኃይላችንን መርቶ፣ ጠመንጃ በሌላቸው አውሮፕላኖች ጦርነቱን ሁሉ ተመላለሰ። ሙዲ በሞተበት በዚያው በ1944 አብራሪዎች ሊያሠለጥን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1954 ለታማሚ ደም ለማድረስ ሲበር አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ፤ መቃብሩ አዲስ አበባ ነው። እሱም ጦርነት ላይ አልሞተም። ልጆቻችን እዚህ ተወልደው የሁለቱን አገር ታሪክ ለየብቻ ነው የሚማሩት፤ አንድ ላይ የሚገናኝበትን ቦታ በእግራቸው ቢረግጡት እወዳለሁ።

ጉዞውን በዕለቱ ኤፕሪል 11 ለማድረግ አስበን ነበር፤ ዘንድሮ ቅዳሜ ቢውልም ቅዳም ሹር ስለሆነ ሁለት ሳምንት ገፍተነዋል። አውቶቡሱ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ በ3 እንመለሳለን። ምሳ እኛ እንይዛለን። የሐይቁ ነፋስ በሚያዝያም ብርቱ ነው፤ ወፍራም ጃኬትና ኮፍያ እንዳትረሱ። ልጅቷ ጽሑፏን መታሰቢያው አጠገብ ታነባለች።

አንድ የማስቸግራችሁ ነገር አለ። ከመሄዳችን በፊት አንድ ማታ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ፣ ከቤተሰባችሁ ወታደር የነበረ ሰው ካለ ስሙንና የት እንደነበረ ንገሩት። በስልጠና የቀረ ካለም ጭምር። ልጆቹ ስሞቹን በወረቀት ጽፈው እንዲይዙ እንፈልጋለን።

የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማችሁ እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 10 ቀን መልሱልን። አብሮ መሄድ ለሚፈልግ ወላጅ አራት መቀመጫ አለ።

ለምታከብሩ ሁሉ መልካም የትንሣኤ በዓል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር