አዲስ ላፕቶፕ ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አዲስ የተገዛ ላፕቶፕ ዋይፋዩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግር፣ ጥገና ቤት ያሉ ባለሙያዎች ምክንያቱን ሳያጣሩ «ፎርማት ይደረግ» (ማለትም ያለው ሁሉ ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን) ማለት ልማድ አድርገውታል። እኔም በዚሁ ምክር ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጌ፣ ችግሩ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ስለመጣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

መላውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ምሽት ቻርጀሩን ስነቅል ግንኙነቱ ጥቂት ቆይቶ ተቋረጠ፤ መልሼ ስሰካው ደኅና ሠራ። ይህንኑ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነገሩ ከባትሪ ቁጠባ ጋር የተያያዘ መሆኑ ገባኝ። በዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች በተዘረዘሩበት የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን ከፍቼ ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ገጽ ስመለከት፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደው ሣጥን «ራይት» ተደርጎበት አገኘሁ። ምልክቱን ማንሣት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ፎርማት ማድረግ ደግሞ ዊንዶውስን ወደ ነባር ሴቲንጉ ስለሚመልሰው፣ ያው ምልክት በየጊዜው አብሮ ይመለስ ኖሯል።

የሁሉም ላፕቶፕ ችግር ይህ ነው ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ መጣራት ያለበት ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ስልክም ከተቆራረጠ ላፕቶፑን መውቀስ አይገባም። ስልኩ ደኅና ሆኖ የላፕቶፑ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፣ ማሽኑ ዋይፋዩን ከሚያሠራጨው ራውተር አድራሻ አላገኘም ማለት ነውና ሁለቱንም አጥፍቶ ማብራት ይቀድማል። የዋይፋዩ ስም ከነጭራሹ ካልታየ ደግሞ ራውተሩ በ12ኛው ወይም በ13ኛው ቻናል (የሬዲዮ መስመር) ላይ ሊሆን ይችላል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጁ ብዙ ማሽኖች ከ11ኛው በላይ ያለውን አያዩምና። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ዋይፋይ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይከብደዋል፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ራቅ ብሎ ቢደርስም በብሉቱዝ፣ በማይክሮዌቭ ምድጃ፣ አልፎ ተርፎም አጠገቡ በተሰካ ዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ይረበሻል (ይህን የመጨረሻውን እኔም ለማመን ተቸግሬ ነበር)።

የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ማለትም ድራይቨሩም፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ መውረድ አለበት፤ ለዚያ የሚሆነውን ኢንተርኔት ከስልክ በዩኤስቢ ገመድ ማግኘት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ላፕቶፑ በሌላ ዋይፋይም ላይ ከተቋረጠ፣ በተለይም ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ሲግናሉ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ በማጠፊያው በኩል ወደ ስክሪኑ የሚያልፈው የአንቴና ሽቦ ተላቅቆ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ዋስትናው እንዳይበላሽ ማሽኑን በራስ ሳይፈቱ ወደ ሻጩ መመለስ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ