ይድረስ ለቱልሲ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ቱልሲ» ብዬ የጀመርኩት ስምሽን ረስቼ አይደለም። የዴልሂዋ አከራያችን አንቲጂ ስምሽ አልያዝ ቢላቸው ከሚያዩት የሕንድ ተከታታይ ድራማ ምራት ወስደው ያወጡልሽ ስም ነው። ከዘጠኝ ዓመት ዝምታ በኋላ በእውነተኛው ስምሽ ልጠራሽ ድፍረት ስላጣሁ በዚያ በር ልግባ ብዬ ነው። እኔን ደግሞ እንደ ቱልሲ አማት ነዝናዛ ነሽ ብለው «ሳቪታ» እንዳሉኝ መቼም አትረሺውም።

ያ ድራማ እኮ ተመለሰ! «ክዩንኪ ሳስ ቢ ካቢ ባሁ ቲ»፤ «አማትም አንድ ጊዜ ምራት ነበረችና» እያልን ስሙን ስንተረጉም የምንስቅበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ስታር ፕላስ ቻናል ላይ፣ በዚያችው በሕንድ ማታ 4 ሰዓት ተኩል። ልጄ ስልኳ ላይ አንድ ቁራጭ አግኝታ «እማዬ፣ ይህቺ ሴትዮ የምታወሪላት ናት?» አለችኝ። ቱልሲን የምትጫወተዋ ስሚሪቲ ኢራኒ ናት። ሳሪዋን ለብሳ የባሏን ቤተሰብ፣ የቪራኒዎችን በር ስትከፍት ሳይ ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ውኃውን ሳልዘጋ ቀረሁ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መጀመሪያ አንቲጂ ሳሎን የወረድነው ለድራማው አልነበረም፤ ለማቀዝቀዣው ነው። ጣሪያው ላይ ያለችው ክፍላችን በግንቦት ሙቀት እንደ ምጣድ ትግል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማን ሊያስወጣን! እናትሽ የላኩትን ቆሎ በሳህን አድርገን እናወርዳለን፣ እሳቸው ቻና የሚሉትን ሽምብራቸውን ያቀርባሉ፣ መብረቅ በመታ ቁጥር፣ አንዱ ፊት ሦስት ጊዜ እየተደጋገመ በመጣ ቁጥር፣ ሦስታችንም ማኘክ እናቆማለን።

የቱልሲ ባል ሚሂር ሞቶ የነበረበትን ጊዜ አንቲጂ ሲተርኩልን ትዝ ይልሻል? እኛ ዴልሂ ከመድረሳችን ብዙ ዓመት በፊት የሆነ ነው፤ እሳቸው ግን የሥጋ ዘመዳቸው እንደተቀበረ ሁሉ ሻላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ተመልካቹ በስልክና በደብዳቤ አስጨንቆ ሟቹን ከሞት አስነሣው። ትዝታውን አጥቶ፣ ማንዲራ የምትባል ሐኪም ወድዳው ተመለሰ። ከዚያ ተዋናዩ አማር ኡፓድያይ ለቀቀ፤ ሌላ ተተካ፤ እኛ ስንደርስ ሚሂር ሦስተኛ ፊቱን ይዞ ሮኒት ሮይ ሆኖ ነበር። አዲሱ ላይ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አማር ኡፓድያይ፣ የመጀመሪያው ፊት! አንቲጂ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? በሕይወት ካሉ ሰማንያን አልፈዋል።

ባል ፊቱን ሲቀይር የቻሉት ሴትዮ ቱልሲ ስትቀየር ግን አልቻሉም። ስሚሪቲ ኢራኒ ወጥታ ጎታሚ ካፑር የተተካች ጊዜ ሪሞቱን አንስተው ድርግም አደረጉት። «ይህቺ የቤቱን ቁልፍ ማን ሰጣት?» አሉ። የእኛን ሚሊኒየም ያከበርነው በዚያው የኩርፊያ ወራት ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሳሎናቸው ውስጥ ቡና አፈላን፣ ቴሌቪዥኑም ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ። በኋላ እውነተኛዋ ስትመለስ ጣፋጭ ገዝተው ጣሪያው ድረስ ወጡ፤ ያ ሁሉ ደረጃ፣ በዚያ ጉልበት።

አንቺ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዋ «ይህቺ ስሚሪቲ ለምርጫ ብትወዳደር ታሸንፋለች» ስትዪ እኔ ሳቅኩብሽ። በ2011 አሜቲ በሚባለው የምርጫ ክልል የኮንግረስ ፓርቲውን መሪ ራሁል ጋንዲን አሸነፈችው። በ2016 ደግሞ እዚያው ተሸነፈች። ሁለቱንም ዜና ስሰማ ልደውልልሽ አስቤ ነበር።

አስቤ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማደርገው ይህንኑ ነው።

በዚያ ድራማ እኔን የሚያናድደኝ መብረቁ አልነበረም፤ ያ «ሊፕ» የሚሉት ዝላይ ነበር። ደራሲዎቹ ሲጨንቃቸው ሃያ ዓመት ይዘላሉ፤ ማክሰኞ የተወለደው ሕፃን ረቡዕ ሊያገባ ይመጣል፤ አያትየዋ ባ ግን ስንት ዘመን ቢዘለል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመርቃሉ። ቱልሲም ጥቂት ሽበት ጣል ተደርጎላት ያበቃል። «በመካከል ያለውን ምን በሉት?» እያልኩ እነዛነዝ ነበር። አሁን ገባኝ። በመካከል ያለው የሚያሳፍረው ነው።

ቱልሲ የገዛ ልጇን አንሽን በጥይት መታችው ብለው የነገሩን ቀን አንቲጂ «አበጀች» ሲሉ አንቺ ምን እንዳልሽ ታስታውሺያለሽ? «የእኔ እናት ብትሆን ጥይት አያስፈልጋትም፤ ዓይኗ ይበቃል።» እንዳልሽውም ነበሩ። ከዴልሂ ስንመለስ ቦሌ የተቀበሉኝ፣ «ከስተሻል» ብለው በዚያ ዓይን ያዩኝ፣ በርበሬውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለእኔ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው።

እሳቸው ያረፉ ጊዜ ለቅሶ አልደረስኩም። መስክ ላይ ነበርኩ፤ ይህ እውነት ነው። ከተመለስኩ በኋላ ግን ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ይህም እውነት ነው። «አሁንማ ዘግይቷል፣ በአርባው እሄዳለሁ» አልኩ። ከአርባው በኋላ በሙት ዓመቱ አልኩ። ከዚያ በኋላ አንቺ ከአገር ወጣሽ፤ እኔም እፎይ አልኩ። ይህንን ቃል ደግሜ ደጋግሜ ሰርዤው ነበር፣ ግን ያልኩት እሱን ነው።

አማቴ አሁን ከእኛ ጋር ናቸው። በተረፈችኝ ሂንዲ እያስተረጎሙኝ ድራማውን ያያሉ፤ ያልገባኝን ከራሴ እጨምርላቸዋለሁ፣ የእኔው ይሻላል መሰለኝ። ትናንት «ይህቺ ምራት ልቧ ደህና ነው፤ ለምን አፍ አውጥታ አትናገርም?» አሉኝ። ለእሳቸው መልስ አልሰጠሁም፤ ወረቀት ፈለግኩ።

የእናትሽ ሙት ዓመት በጥር መሆኑን አውቃለሁ። ቀኑን ግን አላውቀውም፤ ቀኑን ሳላውቅ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ቀኑን ጻፊልኝ።

ሳቪታሽ