የሐሙስ ማታውን ክፍል ለፈተና ልምምድ አታውሉት

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ሁላችንም የምንነጋገረው ስለ መቶኛ ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች እኔንም እንደ ማንኛውም ወላጅ እንቅልፍ ይነሱኛል። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን በእነዚሁ ቁጥሮች ስም አንድ መልካም ነገር ሊፈርስ ነው ብዬ ስለሰጋሁ ነው።

እዚህ ባሕር ዳር፣ ከምኖርበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ማክሰኞና ሐሙስ አመሻሹ ላይ የሒሳብ ክበብ አለ። የሚመሩት ሦስት ወጣት ሴቶች ናቸው። ሁለቱ በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው በቅርቡ ማስተማር የጀመሩ ሲሆኑ፣ ሦስተኛዋ ገና የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች ነው። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያሉ ሃያ አምስት የሚሆኑ ልጆች ይመጣሉ፤ ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። ክፍያ የለም፤ ማርክ የለም፤ ስም መጥሪያም የለም። እኔ 31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የልጄን ልጅ ላደርስ ሄጄ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀረሁም።

አሁን ታዲያ ይህ ሰዓት ካለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ጋር መለማመጃ ይሁን የሚል ሐሳብ ከወላጅም ከኃላፊዎችም እየተሰማ ነው። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ገብተው ቢቀመጡ ኖሮ ይህን አይሉም ነበር። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራቸው።

አንድ ማክሰኞ ወጣቷ መምህርት ጠመኔ አንስታ፣ "ከእናንተ መካከል ባሕረ ሐሳብ የተማረ አለ?" ብላ ጠየቀች። ባሕረ ሐሳብ ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን የምታወጣበት የዘመን ስሌት ነው። ዲያቆን የሆነ የ9ኛ ክፍል ልጅ እያፈረ እጁን አወጣ። ወደ ሰሌዳው ጠራችውና የ2018ን እንዲያወጣ ነገረችው። ልጁ የየኔታን ዜማ ሊረሳው አልቻለም፤ ግማሹን እያዜመ ነበር የሚያሰላው። 5500 ሲደመር 2018፣ ዓመተ ዓለሙ 7518። በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ፣ ማለትም ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዙር ውስጥ ያለበት ቦታ፣ 12 ይሆናል። ወንበሩን በ11 ሲያባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣለት፣ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው፤ የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር ልዩነት። ወንበሩን በ19 ሲያባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው፤ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ቁጥር። ከዚያም ዘወር ብሎ፣ "አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ አይበልጡም፤ አያንሱም" አለ።

የልጄ ልጅ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ "ለምን?" አለች።

ዲያቆኑ መልስ አልነበረውም። እንዲህ ተብሎ ነው የተማረው። መምህርቷም አልመለሰችም፤ ጠመኔውን ለጠያቂዋ ሰጠቻት። የልጄ ልጅ በወንበር 5 ሞከረች፤ አበቅቴው 25፣ መጥቅዑ 5 ወጣ። በ7 ሞከረች፤ 17 እና 13። ሌሎቹም ከየደብተራቸው እየሞከሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይነግሯት ጀመር። ቆይታ ቆይታ ሁለቱን ማባዣዎች፣ 11ን እና 19ን፣ ጎን ለጎን ጻፈችና ዝም ብላ አየቻቸው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። "እነሱ ራሳቸው እኮ ሲደመሩ 30 ናቸው! ወንበሩ ምንም ቢሆን ድምሩ የ30 ብዜት ነው፤ የሚገደፈው ደግሞ በ30!" ዲያቆኑ ከእሷ ይበልጥ ተደሰተ። በልጅነቱ በቃሉ የያዘው ነገር ምክንያት እንዳለው ያወቀው ያን ዕለት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አንድ ተማሪ፣ "ታዲያ 7 እና 23 ለምን አልሆኑም? እነሱም እኮ 30 ናቸው" አለ። መምህርቷ ሣቅ ብላ፣ "ልክ ነህ፤ ሊቃውንቱ 11ን ለምን እንደመረጡ ሐሙስ ይዛችሁ ኑ" ብላ አሰናበተቻቸው። ሁለቱን ቀን እኔ ቤት ውስጥ ሰላም አልነበረም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን አልነገርኳትም።

ሐሙስ ዕለት መልሱን ይዛ የመጣችው ሒጃብ የለበሰች የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። "ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ይላል። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ የፀሐይ 365። ልዩነቱ 11 ነው" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ዲያቆኑ ማጨብጨብ ጀመረ። አዘጋጅ ሆይ፣ በ31 ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንደዚያች ደቂቃ ያለ ነገር በክፍሌ ውስጥ ስለመድረሱ አላስታውስም። የአንዱ እውቀት ከቤተ ክርስቲያን፣ የሌላዋ ከቤተሰቧ የጾም ወር መጣና ሰሌዳው ላይ ተገናኙ። ይህ በፈተና ወረቀት ላይ "ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ" ተብሎ የሚቀርብ ነገር አይደለም።

ሴቶች መሆናቸው ምን ይጨምራል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በራሴ ልመልስ። እኔ ሳስተምር ከበድ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ወደ ሰሌዳው የምጠራው ወንድ ተማሪ ነበር። ሆን ብዬ አልነበረም፤ ዓይኔ ወደዚያ ስለሚሄድ ነው። ከኋላ ተቀምጬ እነዚህን መምህራን ሳያቸው ስንቷን ልጅ እንዳለፍኳት ገባኝ፤ ይህን የምጽፈው ከልቤ እያዘንኩ ነው። በ9ኛ ክፍል ጎበዝ የነበረች ልጅ 11ኛ ክፍል ስትደርስ ድምፅዋ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቤት ስትገባ ውሃውም፣ ድስቱም፣ ታናናሾቿም ይጠብቋታል፤ ወንድሟ ግን ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል።

ወጣት መሆናቸው ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች ያለችው መምህርት አንድ ቀን ልጆቹን፣ "እኔም ሁለት ወር ሙሉ አልፈታ ያለኝ ነገር አለ" አለቻቸው። የምታስተምራቸው ሰው እዚያው አጠገባቸው ተቸግራ ስትሠራ ያያሉ። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ጥያቄው አልፈታ ሲለው ሰነፍ እንዳልሆነ የሚገባቸው እንዲህ ነው። እኔ ሁሉን የማውቅ መስዬ ነበር የምቆመው። ፊልድስ የተባለው ታላቅ የሒሳብ ሜዳሊያ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ሲሰጥ ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴት የደረሰው በ2014፣ ለኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛኻኒ ነው፤ በ2022 ደግሞ ዩክሬናዊቷ ማሪና ቪያዞቭስካ ተቀበለች። የክበቡ ልጆች ሁለቱንም ስሞች ያውቃሉ። ለእነሱ ግን ከሁለቱ ይልቅ የሚቀርበው ከክፍሉ በር ወጥታ አብራቸው ባጃጅ የምትጠብቀው መምህርት ናት።

እንዲህ ያለው ክበብ አዲስ ፈጠራም አይደለም። የእኛው ፖሊ፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲቋቋም መምህራንና ማሽኖች አብረው መጥተውልን ነበር። በዚያች አገር ከ1930ዎቹ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ወጣት የሒሳብ ሰዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ታዳጊዎችን ሰብስበው በክበብ ያስተምሩ ነበር። የሌኒንግራድ የሒሳብ ኦሊምፒያድ በ1934፣ የሞስኮው በ1935 ተጀመረ። በክበቡ ያደገው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ተመልሶ ክበብ ይመራል። ይህ ልማድ ማሽን አይፈልግም፤ ሰሌዳና ፈቃደኛ ሰው ይበቃዋል። ሁለቱም አሉን።

የሚያሳስበው ነገር የለም አልልም። የከተማችን ማታ እንደ ድሮው አይደለም፤ ባጃጅ በጊዜ ይገባል፤ ልጁን፣ በተለይ ሴት ልጁን፣ አምሽታ እንዳትመጣ የሚሰጋ ወላጅ ትክክል ነው። ስለዚህም ነው ክፍሉ 10 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ ፀሐይ ጣና ላይ ሳትጠልቅ 12 ሰዓት የሚያበቃው። ሆኖም የአባይ ማዶ ልጆች ድልድዩን ተሻግረው ቤታቸው እስኪደርሱ ይመሻል። ወላጆች በተራ ብናደርሳቸው፣ ወይም ትምህርት ቤቱ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሚኒባስ ቢመድብ ጭንቀቱ ይቀላል። መምህራኑም ወጣት ሴቶች መሆናቸውን፣ እነሱም በዚያው ሰዓት ወደ ቤት እንደሚሄዱ አንርሳ። እስከ ዛሬ ስለ እነሱ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ሁለተኛው ልመናዬ ለየዩኒቨርሲቲውና ለየኮሌጁ ኃላፊዎች ነው። የመምህር ሥራ ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው ተብሎ በደንብ ተጽፏል። ታዲያ የእነዚህ ወጣቶች ማክሰኞና ሐሙስ በማኅበረሰብ አገልግሎት ይቆጠርላቸው። ዛሬ የፎቶ ኮፒውን እንኳ ከደመወዛቸው ነው የሚከፍሉት። የጀማሪ መምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። በዚህ አያያዝ አንድ ዓመት ይጸናሉ፤ በሁለተኛው ይደክማሉ፤ ያን ጊዜ "ሴቶች አይዘልቁበትም" የሚል ሰው ይነሳል።

የፈተና ልምምድ አያስፈልግም ያለ የለም። ቅዳሜ ጠዋት የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፤ እሱ ይጠናከር፣ ሰዓቱም ይጨመር፤ እኔ ራሴ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ። ክበቡ ውጤት ከፍ ያደርጋል ብዬም ቃል አልገባም። ሁለቱን ሰዓቶች ግን ለማሰብ ተዉላቸው።

ባለፈው ሐሙስ ልጆቹ ሲበተኑ ሰሌዳው ላይ የቀረው ይህ ነው፦ ወንበሩ በ19 ዓመት አንዴ ዞሮ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ አበቅቴውም አብሮ መመለስ አለበት። 19 በ11 ሲባዛ ግን 209 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 29 ይተርፋል። ለ30 አንድ ጎደለው። መምህርቷ ከሥሩ፣ "አንዷ ቀን የት ሄደች?" ብላ ጽፋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን እስከ ማክሰኞ እንዳታጠፋው ለመነቻት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣ ከባሕር ዳር