የጀርመኖቹስ ድርሻ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ አሜሪካ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ሁሉንም ነገር አይሪሾች ብቻ የሠሩት አስመሰላችሁት። ጀርመኖቹስ የት ገቡ?

ፊላደልፊያ የሚገኘውን የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1789 የከፈቱት ጀርመኖች ናቸው። በአገሪቱ ለአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ተብሎ የቆመ የመጀመሪያው ቁምስና (የካቶሊኮች አጥቢያ) ነው። ቅዳሴውማ የትም በላቲን ነበር። ሰዎቹ የፈለጉት በገዛ ቋንቋቸው ስብከት መስማትና ንስሐ መግባት ነው። ኃጢአትን በተሰባበረ እንግሊዝኛ መናዘዝ ቀላል አይደለማ! ቄሳችንን እኛው እንምረጥ ብለውም ከጳጳሱ ከጆን ካሮል ጋር ለዓመታት ተካረዋል። ይህን መዝለላችሁ ያስቆጫል፤ የታሪኩ ቅመም እሱ ነው።

የቺካጎው ቅዱስ ሚካኤልም አለ፤ በ1852 የተመሠረተ። መሬቱን የሰጠው ሚካኤል ዲቨርሲ የሚባል ቢራ ጠማቂ ነው (ጾመኞች ይቅር ይበሉት)። በ1871 ከተማዋን ያጋየው እሳት ውስጡን በልቶ ግድግዳውን ተወው። ምእመናኑም በዚያው ግድግዳ መልሰው ሠሩት። በሲንሲናቲዋ አሮጌዋ ቅድስት ማርያም ደግሞ ሴቶቹ ጡቡን በየቤታቸው ምድጃ ጠበሱት ይባላል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመንኛ መናገር ራሱ ሲያስጠረጥር ብዙዎቹ ቁምስናዎች ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ። እዚህ አሜሪካ ልጆቻችን ስብከቱን በየትኛው ቋንቋ ይስሙ እያልን ለምንከራከረው አበሾች፣ በሚቀጥለው እትም ይህን ብታወጡልን ደስ ይለናል።

አንባቢያችሁ