የዋርካዋ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ

ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የአባዬ ጉልበት ተሻለው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልኩ ይቆራረጣል፤ ይሄን ደግሞ ተረጋግቼ ልነግርሽ ፈለግኩ። ታናሼ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ከዚያ ደምቢያ ለአጎቴ ያድርስልኝ።

እሁድ ስንደዋወል፣ ትምህርት ሲዘጋ የእህቴ ልጆች አጎቴ ጋ ሄደው ከብት እንደሚጠብቁ ነገርሽኝ። "ዝናብ ቢመጣ ያቺ ዋርካ አለችላቸው" አልሽኝ። እኔም ያደግኩት እዚያችው ዋርካ ሥር ነው። ያን ሌሊት ግን መብረቁን እያሰብኩ ስገላበጥ አደርኩ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እንዳትጨነቂ ብዬ ደብቄሽ ነው እንጂ፣ በዚያው ሳምንት እኛም ጋ ከባድ ማዕበል ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የቶርኔዶ ወቅት ነው፤ ቶርኔዶ ከደመና እስከ መሬት የሚወርድ የሚሽከረከር ኃይለኛ ነፋስ ነው። ከደቡብ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ሞቃትና እርጥብ አየር ይመጣል። ከምዕራብ ደረቅ አየር ይነፍሳል። ሁለቱ ሜዳው ላይ ይገናኛሉ። የላይኛው ነፋስ ከታችኛው በፍጥነትም በአቅጣጫም ሲለይ ደመናው ራሱ መሽከርከር ይጀምራል። እንዲህ ካለው ደመና ጥቂቱ ቶርኔዶ ያወርዳል። ሙር የምትባል ከተማ ቅርባችን ናት። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ፣ በግንቦት ወር፣ አንድ ቶርኔዶ 24 ሰው ገድሎባታል።

የአየር ትንበያ ሰዎቹ "ዋች" ካሉ ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። "ዋርኒንግ" ካሉ መጥቷል፣ አሁኑኑ ግቡ ማለት ነው። ያን ምሽት ሁለት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ፤ ዋርኒንግ ይላል። ወዲያው የሰፈሩ ሳይረን ተከተለ። ቤታችን ምድር ቤት የለውም። እንዲህ ሲሆን መስኮት የሌለው፣ መሀል ላይ ያለ ትንሽ ክፍል ነው የሚመረጠው። እኔና አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ጫማችንን አጥልቀን መታጠቢያ ክፍል ገባን፤ ፍራሹን ከላያችን ጫንን። ጫማው ለምን ቢባል፣ ቤት ከፈረሰ በኋላ ብዙ ሰው የሚጎዳው ሚስማርና መስታወት ረግጦ ነው። ከዚያ በረዶው ጣሪያውን ይወቅጠው ጀመር። እማዬ፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የሚያውቁኝን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ።

ቶርኔዶው እኛን ሳይነካን በሌላ በኩል አለፈ። ሲያባራ ወጥቼ አንድ በረዶ ከሣሩ ላይ አነሳሁ፤ የዶሮ እንቁላል ያህላል። በቢላ ለሁለት ብሰነጥቀው ውስጡ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ እንደ መስታወት ጥርት ያለ። ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር በረዶውን ደመናው ውስጥ ተሸክሞ ሲያቆየው ነው ውሃ እየላሰ እንዲህ የሚደራረበው። ከአቅሙ በላይ ሲከብደው ይለቀዋል።

የእናንተም በረዶ የሚሠራው እንደዚሁ ነው። የጎንደር ክረምት ቶርኔዶ ባያመጣም፣ ደመናው የዚሁ ደመና ዘመድ ነው። እንጀራ ስትጋግሪ አክንባሎውን ገና ስታነሺው ሽቅብ የሚወጣውን እንፋሎት አስቢው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች። እርጥቡ አየር ተራራውን ተደግፎ ይወጣል። ላይ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ሲሆን ደግሞ ይዞት የነበረውን ሙቀት ይለቃል። ያ ሙቀት አየሩን የባሰ ወደ ላይ ይገፋዋል። ለዚህ ነው ጠዋት ጥርት ብሎ የዋለ ሰማይ ከስምንት ሰዓት በኋላ የሚጠቁረው። ደመናው አናት ላይ በረዶና በረዶ ሲፋጭ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። በበጋ የናይሎን ሹራብ ስታወልቂ ቸር ቸር የሚለው የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። ሲሞላ መሬት ይፈልጋል። መብረቁ ያለፈበት አየር 30,000 ዲግሪ ገደማ ይግላል፤ ነጎድጓዱ የዚያ አየር ፍንዳታ ነው።

የድሮው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በመብረቅ ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ ይባል የለ? ቤተ መቅደስ ያልማረ ነገር ዋርካን አይምርም።

ዛፍ ረጅም ስለሆነ ቀድሞ ይመታል። ከግንዱም ወደ ሰው ይዘላል። ይበልጥ የሚገድለው ግን በመሬት ላይ የሚሰራጨው ነው። ከብት የሚረግፈው ለዚህ ነው፤ የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ ልቡን አቋርጦ በሌላው ይወጣል።

አጎቴን እባክህ በይልኝ። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ቅርብ ነው፤ ዝናቡ ገና ባይደርስም ይመታል። ብልጭ ካለ በኋላ ይቁጠሩ፤ በየሦስት ሴኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። እስኪቆጥሩ ግን አይቁሙ። ሰማዩ ሲጠቁር ከብቱን ቀደም ብለው ይመልሱ። የሚሻለው መብራትና ቧንቧ የተዘረጋለት ትልቅ ቤት ነው፤ ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና። የሣር ጎጆና ዳስ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማንም አይውጣ። ሜዳ ላይ ድንገት ከያዛቸው ከዛፍ፣ ከኮረብታ አናት፣ ከሽቦ አጥርና ከውሃ ይሽሹ፤ ተጠጋግተውም አይቁሙ።

አንቺም ቤት ውስጥ ሆነሽ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ አትያዢ፤ ዕቃም አትጠቢ። ያልተሰካ ስልክ ችግር የለውም። መስታወቱን በነጠላ መሸፈንሽን አልከለክልሽም፤ ግን መስታወት መብረቅ አይጠራም።

ሌላ ደግሞ፣ መብረቅ የመታው ሰው ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም። "አትንኩት" የሚል ካለ አትስሙት። መተንፈስ ካቆመ ደረቱን መሀል ላይ በሁለት እጅ ጠንከርና ፈጠን አድርጎ ሳያቋርጡ መጫን ነው፤ ሌላው ሰው ወዲያው መኪና ይፈልግ። ብዙ ሰው እንዲህ ተርፏል።

የቀሃ ወንዝም ሲሞላ ታናሼ እንደልማዱ ሱሪውን ሰብስቦ እንዳይገባ። 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ይጥላል። ድልድዩ ቢያዞረውም በድልድይ ይሂድ።

እሁድ እደውላለሁ። እስከዚያ አጎቴን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንዲጠለሉ አስቤ ነው፤ ከግጦሹ እስከ ትምህርት ቤቱ በልጅ እግር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ክረምት ቁልፉስ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው? የጥበቃውን ስልክ ካገኘሽልኝ እኔው ራሴ ደውዬ አነጋግረዋለሁ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ።

ልጅሽ፣ ከኦክላሆማ